የመርካቶ ነጋዴ እቁብ፦ የአባቴን ደብተር አገኘሁ፣ ወጉን የምታውቁ ኑ

የዳኛው ልጅ · እሁድ ማታ 2:10

ሰላም ሰዎች። አባቴ ነፍሱን ይማረውና መርካቶ ቆርቆሮ ተራ ነበር የሚሠራው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ደግሞ የእቁብ ዳኛ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቤት ስናጸዳ ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ወጣ፣ ውስጡ ደብተሩ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል ግን ይነበባል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 1978 ዓ.ም. ተጽፏል። 60 እጣ፣ በሳምንት 50 ብር፣ የደረሰው ሰው 3,000 ብር ይወስዳል።

ያልገቡኝ ነገሮች አሉ። እጣው 60 ሆኖ ስሙ የተጻፈው ሰው 74 ነው። አንዳንድ ስም አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ "ለ" የሚል ፊደል አለ። ብዙ ቦታ ላይ "ቅ 1 ብር" ይላል። ቀኑ ደግሞ ሁሌ ቅዳሜ ነው፣ እኔ የማውቀው እቁብ የእሁድ ነበር። ከሁሉም የገረመኝ ግን የአባቴ ስም ነው። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። ዳኛ የመጀመሪያውን እጣ ይወስዳል ሲባል ነው የሰማሁት። ዕድሉ ጠማማ ነበር እንዴ?

የድሮውን የነጋዴ እቁብ ወግ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰባተኛ · እሁድ ማታ 2:31

74ቱ ቀላል ነው ብሮ። ግማሽ እጣ ነው። 50 ብር የከበደው ከጓደኛው ጋር 25 25 ይጥላል፣ ሲወጣ 1,500 1,500 ይካፈላሉ። 14 እጣ ለሁለት ለሁለት ከተያዘ 28 ሰው፣ የቀረው 46 ሙሉ። ደምረው። የእኛ ሰፈር ሩብ እጣም ነበር።

"ቅ" ቅጣት ነው መቼም። ያረፈደ ይቀጣል።

አራዳ ሥር · እሁድ ማታ 3:05

ጥሩ ክር ነው፣ ትንሽ ልርቅበት። ብዙ ሰው መርካቶን ከጥንት የነበረች አድርጎ ያስባል። የድሮው ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። አሁን ወዳለበት ያወረደው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። ለነጩ ፒያሳን፣ ለአገሬው ደግሞ ወደ ምዕራብ ሌላ ገበያ፣ "መርካቶ ኢንዲጂኖ" ብሎ። "መርካቶ" በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ነጋዴው ስሙን ወሰደው፣ ጣሊያን ሄደ፣ ገበያው ቀረ።

ከዚያ በፊት አራዳ ላይ ትልልቁን ንግድ የያዙት ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች ነበሩ። ችርቻሮው በብዛት የየመን አረቦች እጅ ነበር። ባንክ አልነበረም እንዳትሉ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ተከፍቷል፣ ምኒልክ ራሳቸው ናቸው የመረቁት። ግን ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ በጀርባው ዕቃ ተሸክሞ የሚነግድ ልጅ ባንክ ገብቶ ምን ያስይዛል? መሬት የለው፣ ቤት የለው። ያለው የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። እቁብ ማለት እኮ እሱን ነው ያስያዘው፣ መታወቁን። ለኔ የመርካቶ ታሪክ ግማሹ እዚህ ላይ ነው። በረንዳ ላይ የጀመረው ሱቅ የገባው፣ ሱቅ የነበረው ጅምላ የገባው በአብዛኛው በእቁብ ብር ነው።

ስሙም ቢሆን ደስ ይለኛል። የድሮዎቹ "ዕቁብ" ብለው በዐይኑ ዐ ነው የሚጽፉት፣ ዐቀበ ከሚለው ግዕዝ፣ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም ከዚያው ነው። አንዱ የተጠበቀ ብር፣ አንዱ የሕግ ጠባቂ። ብሩ ሲጠፋ ሁለቱ ይገናኛሉ 😄

አልገባም · እሁድ ማታ 3:40

ናፍቆት ጥሩ ነው ግን እኔን ስሙኝ። እኔ እቁብ የሚባል ነገር ዳግመኛ አልገባም። 2012 ላይ ለአንድ ሰው ዋስ ሆንኩ። ጎረቤቴ ነው፣ አብረን ቡና የጠጣን፣ ልጆቻችን አብረው ትምህርት ቤት የሚሄዱ። በአምስተኛው ሳምንት ደረሰው፣ ሁለት ሳምንት ጣለ፣ ከዚያ ስልኩ "ጥሪ አይቀበልም"። ሱቁ ተዘግቶ ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ዳኛው ወደኔ ዞረ። የኔን እጣ ወስደው በሱ ቦታ አካካሱት፣ የጎደለውን ደግሞ ወር በወር ከፈልኩ። ሚስቴ እስካሁን "ዋሱ" ነው የምትለኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል አይደል? እኔ ሃምሳውን ሎሚ ብቻዬን ነው የተሸከምኩት።

ሰባተኛ · እሁድ ማታ 3:44

"ዋሱ" 😂😂 ይቅርታ ወንድሜ ግን ገደልከኝ

ጥቁር ካባ · እሁድ ማታ 4:20

@አልገባም በጣም አዝናለሁ። ጠበቃ ነኝ፣ ይህን ዓይነት ጉዳይ ብዙ አይቻለሁ፣ ለሌሎቹ ይጠቅማል ብዬ ጥቂት ልጻፍ።

እቁብ ውል ነው። ፍርድ ቤት "ይሄ ባህል ነው፣ አይመለከተኝም" አይልም። ችግሩ ማስረጃ ነው። መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ ሁሉም ካልፈረመበት ማን ስንት እንደጣለ የሚያሳየው የጸሐፊው ደብተር ብቻ ይሆናል፣ ጸሐፊው ደግሞ አንዳንዴ የከሳሽ አማች ነው።

ዋስ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ከፍተኛው መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ውጤት የለውም ይላል። ብዙ እቁብ ላይ "ዋስ ነኝ" ብሎ መፈረም ብቻ ነው። ስለዚህ ስትፈርሙ ቁጥሩን አስጽፉ፣ ዳኞችም ብትሆኑ አስጽፉ፣ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ቼክ ነው። አሁን ትልልቆቹ እቁቦች የደረሰውን ሰው ለቀሪው ሳምንት ሁሉ ቼክ ያስጽፉታል፣ ቀኑን ወደፊት አድርገው። ሰው የማያውቀው፣ ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው። ቀኑ ገና ነው ብሎ መተኛት አይቻልም። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ደረቅ ቼክ ነው፣ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 አለ። በእቁብ ምክንያት ታስሮ ያየሁት ሰው አለ፣ ሌባ አልነበረም፣ ንግዱ ወድቆበት ነው።

አብዱ ከአመዴ · ሰኞ ጠዋት 1:15

ለኛ ለሙስሊሞቹ ነጋዴዎች እቁብ ሌላም ትርጉም ነበረው። ወለድ የለበትም። አባቶቻችን ባንክ ብር አስቀምጠው ወለዱን አይነኩም ነበር፣ መበደሩማ አይታሰብም። ዛሬ ከወለድ ነፃ መስኮት በየባንኩ አለ፣ ዘምዘም ባንክም በ2013 ሥራ ጀምሯል። ያኔ ግን እቁብ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ በርጫ ተይዞ ብሩ ይቆጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ክርስቲያኑም አሜን ይላል። የኛ እቁብ ውስጥ ግማሹ የራጉኤል ሰው ነበር፣ ግማሹ የአንዋር።

የሚያጨቃጭቀን እጣ መሸጥ ነበር። እጣ የወጣለት ሰው ብሩ አሁን ካላስፈለገው ለቸኮለ ሰው ይለቅለታል፣ የቸኮለው ትንሽ ይጨምርለታል። ሽማግሌዎቹ "ይሄ የጨመርከው ምንድን ነው፣ ወለድ አይደለም ወይ?" ይሉ ነበር። አንዳንዶቹ በነፃ ነው የሚለቁት። ምናልባት የአባትህ "ለ" እሱ ይሆን?

እትዬ ነጠላ · ሰኞ ጠዋት 4:50

እኔ ሸማ ተራ ነኝ። ወንዶቹ ብቻ ያወራችሁት ይመስላል። የሴቶቹም እቁብ አለ። የእኛ የቀን ነው፣ ሰብሳቢዋ በየሱቁ እየዞረች ትሰበስባለች፣ ጆንያ የሚያህል ቦርሳ ይዛ፣ ዝናብ አትል ፀሐይ አትል። ገበያ የለም ብትያት "ነገ ይኖራል" ብላ ቆማ ትጠብቅሻለች፣ ከመንግሥት ግብር ይልቅ እሷን ነው የምንፈራው።

ጥቅምት 2017 ላይ እሳቱ ሲነሳ የምታውቁት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ አደረ። ከእኛ ውስጥ ሦስቱ ሱቃቸው ባዶ ቀረ። በማግስቱ አልጣልንም፣ በሦስተኛው ቀን ግን ተሰበሰብን። ማንም ስብሰባ አልጠራም። ሰብሳቢዋ ቦርሳዋን ይዛ እንደለመደችው መጣች፣ እኛም እንደለመድነው ዙሪያዋን ቆምን። እጣ አይወጣም ተባለ፣ ተከታታይ ሦስት እጣ ለነሱ ይሁን። አንዷ ተራዋ የደረሰ መስሏት ለልጇ ሠርግ ተዘጋጅታ ነበር፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሠርጉን አዘገየችው።

ባንክ እንዲህ ያደርጋል?

አልገባም · ሰኞ ጠዋት 5:02

እትዬ እንደናንተ ዓይነቱን ቢሆን እኔም እገባ ነበር።

እትዬ ነጠላ · ሰኞ ጠዋት 5:10

ዋስ ካገኘህ ና 😊

ቴሌግራም ዳኛ · ሰኞ ቀን 7:30

ሰላም፣ እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ አራት እቁብ በቴሌግራም አስተዳድራለሁ። ብሩ በባንክ ወይ በቴሌብር ይላካል፣ ደረሰኙ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ እጣው በቀጥታ ቪዲዮ ይወጣል። አይጥ የሚበላው ደብተር የለም። ያረፈደ የለም፣ 12 ሰዓት ላይ ያላስገባ ስሙ በቀይ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ሰዎች ሳምንት ሳምንት ተሰብስበው ሦስት ሰዓት የሚያባክኑበት ነገር አይገባኝም። ትራፊኩን አስቡት።

አራዳ ሥር · ሰኞ ቀን 7:52

ከግሩፕህ ውስጥ ስንቱን በመልክ ታውቃለህ?

ቴሌግራም ዳኛ · ሰኞ ቀን 7:58

ከ100ው ምናልባት 30። ግን መታወቂያ እንቀበላለን፣ ዋስም አለ።

አራዳ ሥር · ሰኞ ቀን 8:15

እየሰደብኩህ አይደለም፣ ሥራህ ጥሩ ነው። ግን የሰዎቹ ሦስት ሰዓት የባከነ አይመስለኝም። የድሮ ነጋዴ እቁብ ላይ ሲቀመጥ ጆሮው ሥራ ላይ ነው። ከጅቡቲ ዕቃ መቼ ይገባል፣ የትኛው ደንበኛ በዱቤ ወስዶ ጠፋ፣ ማን ሱቁን ሊለቅ ነው። አዲስ ልጅ ከአገር ቤት ሲመጣ አጎቱ ይዞት ይመጣል፣ "ይሄ የኔ ነው፣ ዕዩልኝ" ይላል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ በዱቤ ያገኛል። እቁቡ ራሱ ከብሩ በላይ ነበር። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አስቡ፣ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ብር አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስቆፈሩበት። ሊስትሮው ሳይቀር ከፍሏል። ሳምንት ሳምንት ብር ማዋጣት የለመደ ሰው ባይሆን ኖሮ ያንን ያህል ያዋጣ ነበር?

ሒሳብ አዋቂ · ሰኞ ማታ 1:40

ማንም ያላነሳው ነገር፣ የብሩ ዋጋ። 60 ሳምንት የሚፈጅ እቁብ ላይ በመጀመሪያ የወሰደና በመጨረሻ የወሰደ እኩል አይደሉም። ድሮ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ጉድ ነው። ሐምሌ 22/2016 ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ወር ሳይሞላ ከ100 አለፈ። በሰኔ እጣ የወጣለት ዕቃ አስገባ። በመስከረም የወጣለት ያንኑ ብር ቆጥሮ የዕቃውን ግማሽ ምናምን ነው ያገኘ። ሁለቱም የጣሉት እኩል ነው። አንድ የማውቀው እቁብ በዚህ ተበጥብጦ ሊፈርስ ነበር።

መስከረም 2013 ላይ ብሩ ሲቀየርም እንዲሁ። ቤት ውስጥ በጥሬው የተቀመጠ የእቁብ ገንዘብ ሁሉ ወደ ባንክ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ዳኛ አካውንት የከፈተው።

የቴሌግራሙ ልጅ፣ አጭር ዙር አድርጉ። 20 ሳምንት ይበቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ · ማክሰኞ ንጋት 11:20

ከአሜሪካ ነው። እዚህም አለን። 20 ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር፣ የደረሰው 10,000 ይወስዳል። ታክሲ የገዛ አለ፣ ምግብ ቤት የከፈተ አለ፣ እኔ የቤት ቅድሚያ ክፍያ አደረግኩት። ባንኩ "ይህ ብር ከየት መጣ" ሲለኝ እቁብን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ጋናዊ ነው፣ "ሱሱ ነው በላቸው" አለኝ። ኬንያዊቷ ደግሞ "ቻማ" አለች። ደቡብ አፍሪካዊው "ስቶክቬል"። ሁሉም አለው ለካ። ሶማሌዎቹ "ሃግባድ" ይላሉ።

የኛ ግን መገናኘት ግዴታ ነው። በስልክ መላክ ይቻላል፣ ግን በወር አንዴ ያልመጣ 20 ዶላር ይቀጣል። ክረምት ነው፣ በረዶ ነው፣ ሁሉም ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ቅጣቱ ባይኖር ማንም አይመጣም ነበር፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማንም አይሄድም። የምንገናኝበት ምግብ ቤት ባለቤት "ልዘጋ ነው" እስክትለን።

ጋሼ በረንዳ · ማክሰኞ ማታ 2:00

ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ መርካቶ ነበርኩ፣ በርበሬ በረንዳ። አባትህን በስም አልጠይቅህም፣ ቆርቆሮ ተራ ካልክ ግን ምናልባት አውቀው ይሆናል።

ቅዳሜ የሆነው እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ስለነበር ነው። ካልሄድክ ትጠየቃለህ። በደርግ ጊዜ ብዙ ሰው አንድ ቤት ሲሰበሰብም ዓይን ይበዛበታል፣ ስለዚህ ቶሎ ተሰብስበን ቶሎ እንበተናለን። ነጋዴው ካፒታሉ ላይ ጣሪያ ተደርጎበት ነበር፣ ከዚህ በላይ እንዳትነግድ ተብሎ። ሀብቱን ማሳየት የሚፈራ ሰው እቁብ ሲደርሰው ሳይቀር "ዝም በሉ" ይላል።

ሲጀመር ትልቁ ሰው ይመርቃል። እጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ ይገባል፣ የሚያወጣው ሕፃን ልጅ ነው፣ የቤቱ ልጅ ከሌለ ከመንገድ ይጠራል፣ አሥር ሳንቲም ይሰጠዋል። የደረሰው ሰው ያኔውኑ አይወስድም። ዋስ ይጠራል፣ ዋሱ ገና እጣው ያልወጣ መሆን አለበት፣ የወጣለት ዋስ አይሆንም። ዋስ ሲፈርም ብቻ ብሩ ይቆጠራል። ከዚያ ይጋብዛል፣ ክትፎ ወይ ጠጅ፣ እንደ አቅሙ። ለዳኛና ለጸሐፊም ትንሽ ይተዋል። ቅጣቱ አንድ ብር ለብቻው ሳጥን ይገባ ነበር፣ ለታመመና ለለቅሶ።

"ለ" አብዱ እንዳለው ነው፣ ለቀቀ ማለት ነው። እጣው ወጥቶለት ለተቸገረ የለቀቀ። እኛ ዘንድ ጭማሪ አይቀበሉበትም ነበር፣ አንዳንዶቹ በስውር ይቀበላሉ፣ እሱን ተወው።

አባትህ የመጨረሻውን የሚወስደው ዕድሉ ጠማማ ሆኖ አይደለም። ዳኛ መጀመሪያ መውሰድ ይችላል፣ ብዙዎቹም ወስደዋል፣ ነውር አይደለም፣ ድካም አለበት። አንዳንዱ ዳኛ ግን የራሱን እጣ መጨረሻ ያስቀምጠዋል። አንድ ሰው ቢጠፋ የሚጎድለው ከማን ላይ ነው? መጨረሻ ከሚወስደው ላይ። እሱ ከሆነ መጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ያድራል። እንዲህ ዓይነት ዳኛ ያለበት እቁብ ለመግባት ሰው ወረፋ ይይዝ ነበር። ደብተሩን እየው፣ የመጨረሻው ላይ 3,000 ሙሉ ወስዷል?

የዳኛው ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3:15

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አየሁት። የ1978ቱ ዙር ላይ 3,000። ቀጥሎ ያለው 2,650። ከዚያ 3,000። ከዚያ 1,900 ብቻ። እኔ የጻፈው ሰው ተሳስቶ መስሎኝ ነበር።

አልገባም · ማክሰኞ ማታ 3:22

1,900 😳 አንድ ሰው ጠፍቶበታል ማለት ነው። እሱም "ዋሱ" ነበር ለካ።

የዳኛው ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 2:40

ማታ ደብተሩን ለእናቴ አነበብኩላት። ትስቅበታለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ተናደደች! "ፍሪጅ ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ታውቃለህ? በየዙሩ 'ዘንድሮ ዕድል አልቀናኝም' ነበር የሚለኝ" አለች። ለካ አልነገራትም። ጎረቤቶቹ ሲደርሳቸው ቴፕ ይገዛሉ፣ ሶፋ ይገዛሉ፣ እሷ ትጠብቃለች።

አሁን መነጽሯን አድርጋ ራሷ ገጽ በገጽ እያየች ነው። 1,900 ብር ብቻ የወሰደበትን ዙር አግኝታ ማን እንደጠፋ ስሙን እየፈለገች። ሰውየው በሕይወት ካለ አድራሻውን አፈላልጉልኝ እያለች ነው፣ ስሙን ግን እዚህ አልጽፍም። የፍሪጅ ሒሳብ አለባት።